በግዝት የተዋጠ ክኒን

የልጅ ልጄ እዚህ ደብረ ታቦር ነርስነት ትማራለች። ትናንት ከደጅ ፀሐይ ስሞቅ፥ እሷ አጠገቤ ጮክ ብላ ታጠናለች፤ መድኃኒት ሰዓቱ ሲዛባ ምን እንደሚያስከትል። የኔ ፊደል ስሜን ከመጻፍ ብዙም አያልፍ፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ታላቅ ወንድሜ አያልነህ ትዝ አለኝ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርሁ። አገራችን ከአንበሳሜ በላይ ነው። ሁዳዴ ገብቶ፥ ነፋሱ አቧራ እያነሳ፥ ወንድሜን ሳንባ ምች ጣለው። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ክሊኒክ አወረድነው። ድሬሰሩ፥ ያኔ ቁስል የሚያጥበውንም መርፌ የሚወጋውንም እንዲያ ነበር የምንለው፥ ክኒን ሰጠውና «ጠዋት፥ ቀትር፥ ማታ። አንዷንም እንዳትዘል» አለው።

ወንድሜ ግን በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስ። ክኒኑ ደግሞ ያለ ውኃ አይወርድ። ስለዚህ የቀኑን ሁሉ ያቆይና ከሽሮው ጋራ ባንዴ ይውጠው ጀመር። «ሆድ ገብቶ ተራውን ይይዛል» ይላል። የት ይይዛል! ያስታውከዋል፤ ትኩሳቱም ይብስበታል። ሚስቱ ብትለምነው፥ እኔ ብቆጣው፥ ድንጋይ።

ድሬሰሩ ይህን ሰምቶ እቤታችን ድረስ መጣ።

«እንዲህ ከቀጠልህ ትሞታለህ» አለው።

«ጾሜን ይዤ ልሙታ።»

ድሬሰሩ አልተከራከረውም። ወደኔ ዞሮ «የነፍስ አባቱን ጥራልኝ» አለኝ። ሄጄ ይዣቸው መጣሁ። አባ ከደጃፉ ቆሙ።

«አያልነህ፥ መድኃኒቱን በሰዓቱ አልውጥም አልህ አሉ።»

«ጾም ነው፥ አባ።»

«ጾሙን ማን ሰጠህ?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«እንግዲያ ቤተ ክርስቲያን እስክትድን ወሰደችብህ። በሰዓቱ ባትውጥ ገዝቼሃለሁ።»

የነፍስ አባት ግዝት አይጣስም። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ውኃውን ሲጎነጭ፥ እንዳናየው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር።

ዳነ። በሰኔው ጾም ሰው ዘጠኝ ሰዓት ሲቀምስ፥ እሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ በባዶ ሆዱ ያርሳል። አባ «ማን አዘዘህ?» ቢሉት፥ «የወሰዳችሁብኝን እየመለስሁ ነው» አላቸው። ሸምግሎ እስኪሞት ድረስ ግን፥ ሁዳዴ በገባ ቁጥር «አንዷ ጾሜ ጎድላብኛለች» እንዳለ ነው።

ያ ክኒን ደረቱን አድኖለታል። ምን እንዳሳጣው ደግሞ እኔ አይቻለሁ። ይህንኑ ለልጅቱ ነገርኋት።

«ይኼ እኮ ፈተና ላይ አይመጣም፥ አባባ» አለችኝ።

«በሽተኛ ላይ ይመጣል።»

ደብተሯን ዘጋች። «አንቱ ድሬሰሩን ቢሆኑስ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔም አባን አስጠራ ነበር» አልኋት። «ከዳነ በኋላ ግን ምን እንደጎደለበት ተመልሼ እጠይቀው ነበር።»