ማለዳ የሚመጣ ሰው

ልጄ ከሎስ አንጀለስ አንስታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦሪገን ባሕር ዳርቻ ስትወስደኝ ንብረቴ ሁለት ሻንጣና አንድ ጋቢ ነበር። ጉልበቴንና ጥርሴን አልጨምርም፤ እነሱ ቀድመውኝ ሄደዋል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ባለች አንዲት አፓርትመንት ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ባለቤቴም ያረፈችው እዚያው ነው። ከእሷ በኋላ ድስት ጥጄ እየረሳሁ የጭስ ደወሉ የሕንፃውን ሰው ሁሉ በፒጃማ መንገድ ላይ ማስወጣት ሲያበዛ፣ ልጄ መጣችና "አባዬ፣ በቃ፣ እኔ ጋ ነህ" አለች። በዚያ ባሕር ዳር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ተከራከርኩ። ሽማግሌ ደግሞ ክርክሩ የሚያምርለት ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሎስ አንጀለስም ባሕር አላት። ለእኛ ለፌርፋክስ ሰዎች ግን ባሕር ማለት ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ወስደን አሳይተን፣ ፎቶ አንስተን የምንመልሰው ነገር ነበር። እዚህ ባሕሩ ቤተኛ ነው። ሳያንኳኳ ይገባል። ትራስ ውስጥ ይገባል፣ ሸሚዝ ውስጥ ይገባል፣ ጨው ዕቃው ውስጥ ገብቶ ጨዉን ድንጋይ ያደርገዋል። በሐምሌ ሂተር የሚለኮስበት አገር ነው። በጋ ገባ ሲሉ ሰምቼ አንድ ቀን ቁምጣ ለብሼ ወጣሁ፤ ነፋሱ እያንገላታ ወደ ቤቴ መለሰኝ። ከዚያ ወዲህ ጋቢዬን እከናነብና የዝናብ ካፖርት ከላዩ እደርባለሁ። ከፊት ሲያዩኝ ሰው፣ ከጎን ሲያዩኝ የተጠቀለለ ፍራሽ እመስላለሁ። ልጄ ሱቅ አብረን ስንገባ ዕቃ የምትፈልግ መስላ ጥቂት ራቅ ትላለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን ከራሴ ራቅ እል ነበር፣ መንገዱ ቢገኝ።

ጎረቤቶቻችን ነጭ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ጡረታ የወጣ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሚስቱ ዝምተኛ ናት። የተዋወቅነው በክፉ አጋጣሚ ነው። ነፋሱ የመብራት መስመር በጥሶ አድሮ፣ ልጄም የሌሊት ሺፍት ላይ እያለች፣ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሁለቱም እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥቁር የዝናብ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸው በብርድ ተጨፍግጎ፣ ሴትየዋ በሁለት እጇ የተከደነ ድስት ይዛ፣ ደጃፌ ላይ ቆመዋል።

እኛ ዘንድ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ልብስና በዚያ ፊት የሚመጣ ሰው የሚመጣው ለአንድ ነገር ነው። ሊያረዳ። ዘመድህ ሲሞት ሽማግሌዎቹ ተጠራርተው፣ እህል ሳትቀምስ፣ ከአልጋህ በቅጡ ሳትወርድ ይደርሱብሃል። እነዚህ ደግሞ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ምግብ ጭምር ይዘዋል። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና "ልጄን፣ ልጄን ምን አገኛት?" እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ፣ በአማርኛ። ሴትየዋ ድስቱን መሬት አስቀምጣ አቀፈችኝ። ባልየው ኮፍያውን አውልቆ ዝናብ ይመታው ጀመር። ለካስ መብራት ስለሌለ ሽማግሌው ይበርደዋል ብለው ትኩስ የዓሣ ሾርባ አምጥተው ነው።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ልማዳችንን አስረዳቻቸው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከረፋድ በፊት በሬን አንኳኩቶ አያውቅም።

ይህን ለእህቴ በስልክ ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች። እህቴ ታላቄ ናት። የምትኖረው አዲስ አበባ ባደግንበት ቤት ነው። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔና ባለቤቴ ቀድመን አሜሪካ ስንገባ፣ የልጄ ፕሮሰስ እስኪያልቅ ድረስ እሷንም በጉያዋ ያሳደገቻት ይህችው እህቴ ናት፤ ልጄ እስከ ዛሬ "እማዬ" ነው የምትላት። ሶ፣ የሁለታችንም እናት ናት ማለት ነው። እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ። ሰላምታዋ አይለወጥም።

"አንተ ውሪ፣ ባሕሩ ዛሬም አለ?"

"አለ፣ እታለም።"

"አልጎደለም?"

"ጠዋት ጎድሎ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ መለሱት።"

ባሕር አይታ አታውቅም። ውኃው በየቀኑ እየሸሸ ተመልሶ ይመጣል ብላት ውሸቴን መሰላት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስዋሻት ስለኖርኩ አልተቀየምኳትም።

አንድ እሑድ ስልኳ ሳይነሳ ቀረ። በሚቀጥለው እሑድ ልጇ አነሳው። "እማዬ ጠበል ሄዳለች፣ ጋሼ፤ ኔትወርክ የለም እዚያ" አለኝ። ደህና ናት ወይ ብዬ ስጠይቀው ደህና ናት አለ፤ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው ያለው። እኔ በዕድሜዬ ስንቱን ሟች ጠበል ልኬ ለዘመዱ በስልክ አስረድቻለሁ። የሙያ ባልደረባዬን ድምፅ አላጣውም።

ለልጄ ምንም አላልኳትም። እሷም ምንም አላለችኝም። ግን ሳህን ስታጥብ ውኃው ይፈስሳል፣ ሳህኑ እጇ ላይ ይቆያል፣ እሷ መስኮቱን ታያለች። አንድ ረቡዕ እራት ላይ፣ "አባዬ፣ ኦፍ ወስጃለሁ። ኤል ኤ ድራይቭ አድርገን ጓደኞችህን እንያቸው፣ ኦኬ?" አለችኝ። ልጄ ለገዛ ልደቷ ኦፍ የማትወስድ ሰው ናት። ምን ተገኘ አልኳት። ናፍቀሃቸዋል አለች። ጓደኞቼን አውቃቸዋለሁ፤ እኔን ለመናፈቅ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል። ያዘጋጀችልኝን ሻንጣ ስከፍት ጥቁር ሱፌ ከሥር ተጣጥፎ ተኝቷል። ከላዩ ያበባ ሸሚዞቼን ደርድራበታለች።

ያኔ ገባኝ። መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። የሚጀምር ሽማግሌ ያስፈልጋል፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚደግፍ ያስፈልጋል፣ ተከትሎ የሚያለቅስ ያስፈልጋል። በዚያ ብርድ አገር ያለችው እሷ ብቻ ናት። አባቷን ብቻዋን ልታረዳው አልሆነላትም። ሰው ሁሉ መርዶው ወደ ቤቱ ይመጣለታል፤ እኔ በመኪና ወደ መርዶዬ ልወሰድ ነው።

እኔም በልቤ አንድ ነገር ወሰንኩ። ማንም እስካልነገረኝ ድረስ እህቴ ጠበል ናት። ጠበል ያለ ሰው ደግሞ አልሞተም። ስለዚህ መንገዱ ይርዘም።

ዕድሜ የሰጠኝን ምክንያት ሁሉ ተጠቀምኩበት። ያላስቆምኳት የነዳጅ ማደያ የለም። ዛፍ ወድጄ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን በሰሜን ካሊፎርኒያ ያሉትን ትልልቅ ዛፎች አንድ በአንድ ካላየሁ አልኩ፣ ወርጄ ግንዳቸውን ደባበስኩ፣ ዕድሜያቸውን ጠየቅኩ። ልጄ አንድ ጊዜም አልተቆጣችም። ሌላ ቀን ቢሆን "አባዬ፣ ፕሊስ" ትለኝ ነበር። ያስፈራኝ ይበልጡን ይኸው ትዕግሥቷ ነው። ያደርንበት ሞቴል ቁርስ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና "አባዬ" አለች፣ ቀስ ብላ።

"ይሄ ኦትሜል አይጣፍጥም" አልኳት፣ ፈጥኜ።

ማንኪያዋን መልሳ አነሳች።

አመሻሹ ላይ ፌርፋክስ ገባን። ድሮ ከምንሰበሰብበት ምግብ ቤት ደጃፍ የማውቃቸው ሰዎች ቆመዋል፤ ድሮ በዚያ ሳልፍ ስለ አረማመዴ አንድ ነገር ሳይወረውሩ አይለቁኝም ነበር። መኪናችንን ሲያዩ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ገቡ። በሰው ላይ ለመሳቅ ዕድል አግኝቶ ያሳለፈ የፌርፋክስ ሰው እስከዚያች ቀን አይቼ አላውቅም።

ማረፊያችን የቅርብ ጓደኛዬ ቤት ነበር፤ ከተማሪነታችን ጀምሮ ስንሰዳደብ የኖርን ሰው ነው። በሩን ከፍቶ ጋቢና ካፖርት ደርቤ ሲያየኝ አንድም ስድብ አልወጣውም። "እንኳን ደህና መጣህ" ብቻ። እራት ላይ እሱና ሚስቱ ብላ፣ ብላ፣ ይቺን ብቻ አሉኝ። ነገ እህል እንደማይወርድልኝ ያውቃሉ። እኔም እንደሚያውቁ ስለማውቅ ጥርግ አድርጌ በላሁላቸው። ሰው ለመርዶ ሲቀለብ እንደ ፋሲካ በግ ነው፤ ልዩነቱ በጉ አለማወቁ ነው።

ገና ሳይነጋ ነቃሁ። መንገዱ ላይ መኪና ፓርክ ሲያደርግ ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ። በር በቀስታ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ የጫማ ኮቴ፣ ከዚያ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ወንበር ሲጎተት። ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቆለፍኩ። ውኃ ከፈትኩ። ፊቴን አረፋ ቀብቼ መላጨት ጀመርኩ፤ የሚላጭ ነገር ኖሮኝ ግን አይደለም።

ጓደኛዬ በሩን ነካ ነካ አደረገ። "አንተ ሰውዬ፣ ክፈት እንጂ።"

"እየተላጨሁ ነው።"

"እኮ ቶሎ ጨርሳ።"

"እንዳንተ ሦስት ፀጉር አይደለም፣ ጊዜ ይወስዳል።"

ስድቡን ጠበቅኩ። "እሺ፣ ወንድሜ" አለኝ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም።

መስታወቱ ውስጥ ግማሽ ፊቱ ነጭ የሆነ ሽማግሌ ያየኛል። እዚህ መኖር ይቻላል ብዬ አሰብኩ። ሙቅ ውኃ አለ፣ የሚቀመጡበት አለ፤ ከኦሪገን ይሻላል። እህቴ ጠበሏን ትጠመቅ፣ እኔም እዚህ ልላጭ።

ከዚያ የልጄን ድምፅ ከበሩ ማዶ ሰማሁ። ተዉት፣ ይቆይ፣ እኔ እችላለሁ ትላቸዋለች። በሆስፒታል ድምፅዋ ነው፣ ከሰው አልጋ አጠገብ ሆና በምትናገርበት። የጓደኛዬ ሚስት ዝቅ ብላ፣ "አንቺስ፣ ልጄ? እኛ ስናለቅስ አንቺ እስካሁን እንባሽን አላየንም" አለቻት።

"እሱ ሳይሰማ እንዴት አለቅሳለሁ፣ እትዬ?"

ምላጩ እጄ ላይ ቆመ። እኔ እህቴን ላለመቅበር በየዛፉ ስቆም፣ ልጄ እናቷ ሞታባት፣ ፊቷን ሳታጠቁር ስትነዳ ነው የከረመችው። በየማደያው መኪናው ውስጥ ሆና ስትጠብቀኝ ምን ታደርግ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ውኃውን ዘጋሁና በሩን ከፈትኩ።

ሳሎኑ ሞልቷል። ሁሉም ጥቁር ለብሶ ቆሟል፤ ከባልድዊን ሂልስና ከካልቨር ሲቲ በዚያ ማለዳ የመጡ አሉ። ጓደኛዬ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በደንቡ መሠረት ሰው ሆኖ የማይሞት እንደሌለ ሊነግረኝ ነው። አላስጨረስኩትም። ወደ ልጄ ዞሬ፣ "እታለም ከጠበል አልተመለሰችም አይደል?" አልኳት።

"እማዬ" አለች። ይዣት ወለሉ ላይ ተቀመጥን፤ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም። ግማሽ ፊቴ አረፋ ስለነበር ጥቁር ቀሚሷ ትከሻው ላይ ነጭ ሆነ። ያን ያህል ሰው ያንን እያየ እንዴት እንዳልሳቀ እስካሁን ይገርመኛል። እህቴ ብትኖር ትስቅ ነበር። ይህን ሳስብ ነው እኔም ድምፄ የወጣው።

ፍራሽ ላይ ተቀምጠን ሰው ሲገባ ሲወጣ ሰነበትን። ያ ከምግብ ቤቱ ደጃፍ የሸሸ ሁሉ መጣ። ከዚያ ወደ ብርዱ ተመለስን፤ ያን ጊዜ ማንም ማንንም አላስቆመም፣ ዛፎቹንም በሩቁ አለፍናቸው።

በደረስን ማግስት በማለዳ ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። ዝናቡ ያካፋል። ዓሣ አጥማጁና ሚስቱ ያንኑ ጥቁር የዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ድስታቸውን ይዘው፣ ከበሬ ፈንጠር ብሎ ካለው አጥር ሥር ቆመዋል። ልጄ ደውላ ነግራቸው ኖሯል። ሰውየው ሰዓቱን ያያል፣ መልሶ ቤቴን ያያል። ረፋድ እስኪሆን እየጠበቁ ነው። ከኋላቸው ባሕሩ ሩቅ ድረስ ጎድሎ አሸዋው ታይቷል።

ጋቢዬን ለበስኩና ወጥቼ፣ ግቡ፣ አሁን ማለዳም ቢሆን ግድ የለም አልኳቸው፣ በአማርኛ። ገቡ። የዓሣ ሾርባ አልወድም። ሁለት ሳህን በላሁ።