አንቴናው ወዴት ነው የሚያየው?

ሸዋ ሮቢት የፊዚክስ መምህር ሆኜ ስሠራ የተከራየሁት ክፍል ከአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነበር። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ሴት ልጃቸው አጣዬ ነው የምትኖረው። ከተማዋ ስትቃጠል ልጆቿን ይዛ እሳቸው ዘንድ ሸሽታ ነበር፤ ኋላ ተመልሳ ቤቷን እንደገና አቆመች። እትዬ ግን ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ በቀዳዳ ሳያዩ አይከፍቱም።

ከሰዓት በኋላ የቆላው ሙቀት ከቤት አያስወጣም፤ ያን ጊዜ የማሳልፈው በሬዲዮ ነው። ሲቢ የሚባል፣ በሌላ አገር የጭነት መኪና ሾፌሮች እርስ በርስ የሚጨዋወቱበት ሞገድ አለ። ሰማዩ ሲመች የሩቁ ወሬ እኛ ድረስ ይደርሳል። የእኔ መቀበያ መስማት እንጂ መናገር አይችልም። ይህን ለስንቱ ሰው እንደተናገርኩ!

በአንድ ሽቦ ስሰማ ሁሉም ተደባልቆ ስለሚመጣ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰማ አንቴና ልሠራ ፈለግሁ። ብረት ከመቁረጤ በፊት ሁለት ዓይነት በላፕቶፔ ላይ ሠርቼ አወዳደርኩ። አንደኛው ሦስት ረጃጅም ዘንጎች አሉት፤ ሁለተኛው በሸምበቆ የተወጠሩ ሁለት አራት ማዕዘን የሽቦ ቀለበቶች ናቸው። ፕሮግራሙ አንቴናው በየትኛው ወገን ምን ያህል እንደሚሰማ በሥዕል ያሳያል። በፊት በኩል እምብዛም አይበላለጡም። በጀርባ በኩል ግን ባለ ሦስት ዘንጉ ይበልጥ ደንቆሮ ነው፤ የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር። ዘንጎቹን እያስረዘምኩ እያሳጠርኩ፣ እያቀራረብኩ እያራራቅኩ ሳምንታት ፈጀሁ።

በመጨረሻ ከአልሙኒየም ቱቦ ሠራሁትና በውሃ ቧንቧ ከጣሪያው በላይ አቆምኩት። ቧንቧው ከታች በእጅ ይዞራል።

እትዬ ቀና ብለው አዩት። "ፊቱ በየት በኩል ነው?"

"አጭሩ ዘንግ ባለበት ነው። አሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ አጣዬ ያያል።"

ወደ ቤታቸው ገቡ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ አረብኛ ተናጋሪ ጎኔ የተቀመጠ ያህል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። በማግስቱ ጠፋ፤ በሦስተኛውም ቀን የለም። ከደቡብ የሚመጣው ጫጫታ፣ በሥዕሉ መሠረት ፈጽሞ ሊሰማ የማይገባው፣ ጆሮዬን ሞላው። ቁጥሮቹን መልሼ አስገባሁ፤ ፕሮግራሙ ያንኑ ሥዕል አወጣ። ላፕቶፑ ዋሸኝ ብዬ ለሁለተኛው ዓይነት ሸምበቆ መፈለግ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሚሊሻ መጣ።

"ለማን ነው የምታወራበት?"

"አያወራም፣ ይሰማል እንጂ" ብዬ ሥዕሉን ከፍቼ አሳየሁት። ለሁለት የተሰነጠቀ ቀይ ሽንኩርት ይመስላል፤ ዙሪያውን የአቅጣጫ ቁጥር አለው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና በጣቱ ጫፉን ነካ።

"ይሄ ካርታ ነው። ይሄስ ጫፍ አጣዬ ነው?"

ባስረዳሁት ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። "እንመለስበታለን" ብሎኝ ወጣ።

ማን ነገረው? አእምሮዬ ወደ ጎረቤታችን፣ ጡረታ ወደወጡት ሾፌር ሄደ። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው "መምህር፣ ዛሬስ ምን ያዝክ?" ሳይሉኝ አይውሉም ነበር። ከዚያ በኋላ ሰላምታዬ አጠረ።

አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሽቦውን ማያያዣ ለማየት ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አጭሩ ዘንግ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጣርማ በር ዞሯል! ዘንጎቹ በርዝመት የሚለያዩት በጥቂቱ ስለሆነ ከታች ሆኖ ፊቱን ከጀርባው መለየት አይቻልም። ላፕቶፑ አልዋሸም፤ ሰው ነው ያዞረው። ማስተማር ስሄድ አጥር ዘለው የሚገቡት ሾፌሩ ናቸው አልኩ። ቧንቧውን እያንጫጫሁ ወደ ሰሜን መለስኩት። ቅዳሜ ጠዋት በሬን ገርበብ አድርጌ ጠበቅሁ።

እትዬ ከቧንቧ ውሃ በሳፋ ይዘው መጡ። ሳፋውን አስቀመጡ፣ አጥሩን ግራና ቀኝ አዩ፣ "ቢስሚላህ" ብለው አንቴናውን ይዘውሩ ጀመር።

"እትዬ!" አልኩ ወጥቼ። "ምን እያደረጉ ነው?"

አልደነገጡም። "ትናንት ስታዞረው ሲንጫጫ ሰምቼሃለሁ። ፊቱ ወደ ልጄ አገር ነው አላልከኝም? ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር፣ ወሬ የሚላከው ወደ እሷ ቤት ነው ቢሉ ለማን አቤት እላለሁ?"

"እኔን ለምን አልጠየቁኝም?"

"ወላሂ፣ አንተንም ጠርጥሬሃለሁ። መስማት ብቻ ነው ትላለህ፤ ዝም ብሎ ለመስማት ይሄን ሁሉ ብረት የሚሰቅል ሰው አላየሁም።"

ወደ ሰሜን መልሼ አዞርኩትና እኩለ ቀን ላይ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። በወጣትነታቸው ጅዳ ሠርተው ስለነበር አረብኛ ይሰማሉ። ግንባራቸውን ቋጥረው አዳመጡ፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

"ስለ መኪናው ጎማ ነው እኮ! አሮጌ ጎማ በአዲስ ዋጋ ሸጠውለት እየተራገመ ነው።"

ሚሊሻውን ራሳቸው ሄደው ጠርተው አመጡት። እሱ ያዳምጣል፣ እሳቸው ይተረጉማሉ። "ለዚህ ነው?" አለ በመጨረሻ። ሳይፈቅድም ሳይከለክልም ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስሰማ ወደ ሰሜን አዞራለሁ፤ ስጨርስ እትዬ ወደ ጣርማ በር ይመልሱታል። ሥዕሉ እንዳለው በጀርባው ደንቆሮ መሆኑን በየቀኑ አየሁ። ማን እንደጠቆመብኝ ግን እስካሁን አላወቅሁም። ሾፌሩን ይቅርታ ልጠይቃቸው ብል፣ ጠቋሚው እሳቸው አለመሆናቸውን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሰላምታዬን አስረዘምኩላቸው እንጂ።

ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስዛወር አንቴናውን ፈታትቼ ቱቦዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ልጠቀልል ስል እትዬ ከረጢቱን ነጠቁኝ።

"ተሸፍኖ ከወጣ ምን እንደሚሉት ታውቃለህ? እንዲሁ ተሸከመው፤ በዋናው መንገድ ሂድ። ሰው ሁሉ ይየው።"

ቱቦዎቹን በትከሻዬ አድርጌ በጠራራ ፀሐይ እስከ መናኸሪያው ሄድኩ። እትዬ ከኋላዬ ሆነው ያገኙትን ሁሉ ሰላም እያሉ ሸኙኝ።