የሁዳዴ ብስኩት

እናቴን ስኳር እንደያዛት የሰማሁ ጊዜ ስንት ሱቅ ዞሬ፣ ፊቱ ላይ «ስኳር የለውም» ተብሎ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት ብስኩት ገዝቼ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ተቀብላ መረቀችኝና ሳትቀምሰው፣ «የጾም ነው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ስኳር የለውም እኮ!»

«ስለ ስኳሩ መች ጠየቅሁህ?»

እየተነጫነጭኩ ገልብጬ ከጀርባው ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አነበብኩላት። የወተት ዱቄት አለው፤ ቅቤም አለው።

«በቃ፣ ለፋሲካ አስቀምጪዋ» አልኳት አፍሬ።

ሳቀችና ብስኩቱን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«የሌለውን ፊቱ ላይ እየለፈፈ፣ ያለውን ጀርባው ላይ የሚደብቅ ነገር፣ ልጄ፣ እንኳን ለጾሙ ለፍስኩም አይታመን።»