ቀበቶው ያቆየው ሰው

ሀብተሥላሴ ከቦንጋ ወጣ ብላ ባለች የጫካ ዳር ቀበሌ ማር ይቆርጥ ነበር። ቀፎዎቹን የሚሰቅለው ረጃጅም ቀረሮ ዛፎች ላይ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወጣው በሐረግ ገመድ ብቻ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙም እዚያው ጫካ ከዛፍ ወድቆ ነው የሞተው። ስለዚህ እሱ ዛፍ ላይ እያለ ሚስቱ በዛወርቅ አርፋ መቀመጥ አይሆንላትም፤ የተጠረገውን ግቢ መልሳ ትጠርጋለች።

ልጃቸው ማሙሽ ቦንጋ ውስጥ የስልክ ማማ ጥገና ላይ ተቀጠረ። አንድ እሁድ ትከሻን፣ ደረትንና ጭንን አጥብቆ የሚይዝ የደህንነት ቀበቶ ይዞ መጣ። አባቱን አስታጠቀውና ገመዱን ሁልጊዜ ከራሱ በላይ፣ ቅርንጫፍ ላይ ሳይሆን ግንዱ ላይ እንዲያስር አሳየው። ደጋግሞ የነገረው ግን ብቻውን እንዳይወጣ ነው። ቀበቶው መሬት ከመውደቅ ያድናል እንጂ አያወርድም፤ ተንጠልጥሎ የቆየ ሰው ማሰሪያው ጭኑን አንቆ ደሙን እግሩ ውስጥ ያስቀርበታል፤ ቶሎ ካላወረዱትም ይሞታል። ሀብተሥላሴ ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታቸው ፍቅሩ ሌላ ገመድ ይዞ ከሥር ሳይቆም ወጥቶ አያውቅም።

ባለፈው ግንቦት ዋጫ ከተማ ለቅሶ ሆነና ፍቅሩና የሰፈሩ ወንዶች ሄዱ። ዝናቡ እየበረታ ስለነበር ሀብተሥላሴ ማሩ ሳይበላሽ አንዷን ቀፎ ብቻ ላውርድ አለ። በዛወርቅ ፍቅሩ እስኪመለስ እንዲቆይ ለመነችው። እሱ ግን ቀበቶውን እያጠበቀ፣ ይሄ እያለ ምን እሆናለሁ ብሏት ሄደ።

ጩኸቱን ሰምታ ስትደርስ የረገጠው ቅርንጫፍ ተገንጥሏል። ገመዱ ይዞታል። ዛፉ ያዘመመ ስለሆነ ግን ከግንዱ ርቆ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ክንዱ ተሰብሯል፣ በሌላው ግንዱን ሊይዝ ቢሞክር አይደርስም። ኔትወርክ ወደሚገኝበት ኮረብታ ሮጣ ማሙሽ ጋ ደወለች፤ ተመልሳም ከዛፉ ሥር ቆመች።

«እግሬ አይሰማኝም፣ በዛ» አላት።

«ማሙሽ እየመጣ ነው። እግርህን አንቀሳቅስ፤ እንደዚያ ብሎህ አልነበር?»

ሞከረ። ከዚያ ስለታመመችው ጥጃ ጠየቃት። ፍቅሩን እንዳትቀየመው ነገራት። ድምፁ እየደከመ ሄዶ፣ በመጨረሻ ስትጠራው አልመለሰላትም።

ማሙሽ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በሞተር ሳይክል ደርሶ፣ ወጥቶ አባቱን አቅፎ አወረደው። አልነቃም።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ቀበቶው ገደለው አለ። ማሙሽም ራሱ አመነ። ሥራ መሄዱን ተወ፤ የእናቱን ዓይን ማየት ተሳነው። አንድ ቀን በዛወርቅ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አጎትህ የወደቀ ቀን ሚስቱ ያገኘችው ሬሳ ነው» አለችው። «እኔ አባትህን አናግሬዋለሁ። ያንን የሰጠኸኝ አንተ ነህ።»

ማሙሽ አባቱ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

በኋላ ፍቅሩ ቀበቶውን ሊለምን መጣ። ማሙሽ አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው የያዘ ቀበቶ ደህና ቢመስልም ዳግም እንደማይታጠቁት አስረዳው። በዛወርቅ ቢላዋ አምጥታ ማሰሪያዎቹን መቁረጥ ጀመረች። ጠንካራ ነበሩ፤ ብዙ ደከመች። ላግዝሽ ያላት የለም።

ማሙሽ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ሁለት አዲስ ቀበቶም ገዝቶ መጣ። አሁን ፍቅሩ የሚወጣው ማሙሽ ሲኖር ብቻ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ታጥቆ ከሥር ይጠብቃል። በዛወርቅ የባሏን ቀፎዎች ለፍቅሩ ሰጥታዋለች። እሷ ወደዚያ ጫካ አትሄድም።