አራት ጥርስ

ወለተሰንበት ሀብተሥላሴ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ስታበራ ኖራለች። ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ በነበረች አንዲት የጥርስ ክሊኒክ የሐኪም ረዳት ነበረች። መብራቱን ትይዛለች፤ ምራቅ የሚመጥጠውን ቱቦ ትይዛለች፤ የፈራ ሰው ሲመጣ ግንባሩን ትይዛለች። ነቃዩም ቆራጩም ዶክተር ፍሰሐ ነበር። «አንቺ ያዥ፣ እኔ ነቃይ» ይላት ነበር። እሷም በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም።

ዶክተሩ ክሊኒኩን ዘግቶ ወደ አዋሳ ሲሄድ፣ ተራ መጠበቂያው ክፍል የነበረውን አኳሪየም ለሷ ተወላት። ውስጡ አንድ ዓሣ ብቻ ነበር። ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ሆዱ ወተት የመሰለ፣ ሁለት ዓይኖቹ በየፊናቸው የሚዞሩ ዓሣ። ሲደነግጥ ውሃ ውጦ እንደ ኳስ ይነፋል። ያኔ ከእናቱ የተጣላ ሕፃን ይመስላልና ታካሚዎቹ «አኩራፊው» ብለው ስም አወጡለት።

አኩራፊው የወንዝም አይደለም፣ የባሕርም አይደለም። ወንዝ ደክሞት ባሕር ውስጥ በሚገባበት ቦታ፣ ጨው ሳይበዛ ሳያንስ የሚኖር ዘር ነው። ዶክተሩ ልኩን በፕላስተር ጽፎ መስታወቱ ላይ ለጠፈላት፤ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ስምንት የሾርባ ማንኪያ ጨው። «ካልሆነልሽም በጣትሽ ቅመሺው» አላት። «የእንባ ያህል ይሁን።»

ማንኪያ አላስፈለጋትም። አብነት ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ተኩል የቀበሌ ቤቷ ደጃፍ፣ ቧንቧው በመጣ ቀን ትቀዳለች፤ የመድኃኒቱ ሽታ እንዲወጣለት አንድ ቀን ታሳድረዋለች፤ ጨው ትበትንና ጣቷን ነክራ ትልሳለች። ስታማስል ታንጎራጉራለች፦

ያን ባሕር ሳላየው ጨውነቱን ቀመስኩት፣
በጉንጬ ሲወርድ ነው ልኩን የለየሁት።

ቤቱ ውስጥ ከዓሣው ሌላ አባቷ አሉ። አቶ ሀብተሥላሴ ልደታ ማርያም መውረጃ ላይ፣ ሁለት ሰው በማትይዝ የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እግራቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት አልፏል። አልጋቸው ከአኳሪየሙ ትይዩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እሱን ነው። አባትና ልጅ አንድ ግጥም አላቸው፤ እሳቸው በኪዮስካቸው ዘመን የደረደሯት። ወለተሰንበት የፊተኛውን ስንኝ ታወጣለች፣ እሳቸው በኋለኛው ይመልሳሉ፦

የሰው ሰዓት ሁሉ ሳቃና ስሞላ፣
የእኔ ቀን አለፈ ሳልቀምሰው ሳልበላ።

ምሳቸውም ከዓሣው ጋር የተሳሰረ ነበር። በጨዋታ የጀመሩት ነገር ነው። «መጀመሪያ ለእንግዳው» ይላሉ። አኩራፊው ሲጎርስ ያዩና ነው አፋቸውን የሚከፍቱት። ለሁለቱም ማብላት የወለተሰንበት ፋንታ ነው። ለአባቷ እንጀራውን በመረቅ ታርሰዋለች፤ ድንቹን ትጨፈልቀዋለች፤ ማታ አጥሚት ነው። ለዓሣው ጉበት ገዝታ ጭቃ እስኪሆን ታደቀዋለች። ማንም እንዳይቸገር። እናቷንም እንዲህ አድርጋ፣ በማንኪያ፣ አምስት ዓመት አስታማ ነው የሸኘቻት። በእጇ የገባ ነገር ሁሉ ይለሰልሳል፤ የሚሻክረው የሷው መዳፍ ብቻ ነው።

ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ፣ የዓሣውን ጉበት የምትገዛው ከወሎዬው ሙስጠፋ ነበር።

«እትዬ ወለተ፣ ለሱው ነው አይደል?» ይላታል ቢላውን እየሳለ።

«ለማን ይሆናል ታዲያ?»

«እንጃ፤ በጾም ቀን ከእስላም ሥጋ ቤት ስትወጪ የንስሐ አባትሽ ቢያዩሽ እኔ የለሁበትም። ዓሣ አለኝ ብትያቸውስ ማን ያምንሻል?»

«አንተ ምስክር ትሆነኛለህ።»

«ሐሙስ ከነሱ፣ ረቡዕ ከኔ የሚበላ እሱ ብቻ ነው። ሰፈሩን አስማማ።» ብሎ ትንሽ ይመርቅላታል።

የ2001 ክረምት ሲገባ መብራት በፈረቃ ሆነ። አንድ ቀን ይኖራል፣ አንድ ቀን አይኖርም። መብራት በሌለበት ቀን ለዓሣው አየር የሚነፋው ሞተር ይቆማል። ወለተሰንበት በርጩማ ላይ ትቀመጥና ከገንዳው በጣሳ እየቀዳች፣ ክንዷን ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈስሰዋለች። ውሃ ከላይ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። ሃያ ጊዜ ቀድታ ታርፋለች፤ ደግሞ ሃያ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ውስጥ እሷ ሌላ ዝናብ ታዘንባለች። ትከሻዋ ይቃጠላል። በመሀል የፊተኛውን ስንኝ ትወረውራለች፤ ከአልጋው መልሱ ይመጣላታል፤ ድካሙ ለሁለት የተከፈለ ይመስላታል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አኩራፊው መብላት አቆመ። ጉበቱ አጠገብ ይመጣል፣ በሁለት ዓይኑ ያየዋል፣ አፍንጫውን ያስነካዋል፣ ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን አቶ ሀብተሥላሴ ማንኪያውን በእጃቸው ገፉት።

«እንግዳው ሳይቀምስ?»

«አባባ፣ ጨዋታውን ይተዉት። አንዴ ብቻ።»

«ጨዋታ አይደለም ወለቴ። ጉሮሮዬ እምቢ ብሎኝ ነው። እሱን ሲያይ ነበር የሚከፈተው።»

ከዚያ ወዲያ የሚወስዱት ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻ ሆነ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ ክንዳቸውን በጣቷ ለካችና ወለተሰንበትን ወደ በሩ ጠራቻት። «እንዲህ ከቀጠሉ ሳምንቱን አይዘልቁትም» አለቻት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ወለተሰንበት አላለቀሰችም። ተመልሳ ጉበቱን ከበፊቱ ይልቅ አደቀቀችው፤ አጥሚቱንም ከበፊቱ ይልቅ አቀጠነችው። ለዓሣው ውሃውን ስታፈስስ ስንኙን ወረወረች። መልስ አልመጣም።

ቅዳሜ ረፋድ ጎረቤቷ ሀዲያ ጃንጥላዋን አራግፋ ገባች። ሀዲያ ከጓሮዋ ጎመን እየቀነጠሰች የምትሸጥ፣ ያየችውን የማትደብቅ ሴት ናት።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«አለሁ። አለሁ ማለት ከቻልኩ።»

ሀዲያ ወደ ገንዳው ጎንበስ አለች። «ይሄ ደግሞ ከሳ። ጥርሱስ እንዲህ ወጥቶ ነበር እንዴ ድሮም?»

«የቱ ጥርስ?»

«ይኸው እንጂ። የላዩ እንደ ጥፍር ታጥፎ የታቹን ገጥሞታል። በምን በኩል ይጉረስ? ወይ ወለተ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥርስ ሐኪም ቤት ሠርተሽ?»

ወለተሰንበት ጣሳውን አስቀምጣ ተንበረከከች። እውነት ነበር። ጥርሶቹ፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ አድገው አድገው አፉን ቆልፈውታል። መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ ቀርታዋለች። አዋሳ ደወለች።

«ምን ነበር የምታበዪው?» አላት ዶክተር ፍሰሐ።

«ጉበት። አድቅቄ።»

«ለምን አደቀቅሽው?»

«እንዳይቸገርብኝ።»

«የዚህ ዓሣ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ጠንካራ ነገር እየሰበረ ነው የሚሞርደው። ቀንድ አውጣ ከነቅርፊቱ መስጠት ነበር። ሳልነግርሽ የሄድኩት እኔ ነኝ። አሁን መቁረጥ አለብሽ።»

«እኔ ያዥ ነኝ ዶክተር። ቆራጭ አይደለሁም።»

«እዚያ ቤት ሌላ ማን አለ ታዲያ?»

ማደንዘዣው የቅርንፉድ ዘይት እንደሆነ፣ በጥፍር መቁረጫም እንደሚቆረጥ በስልክ ነገራት። ጥርሱን ላመመው ሰው በጥጥ የምታደርግበት ያቺው ትንሽ ብልቃጥ ከክሊኒኩ ተርፋ ሳጥኗ ውስጥ ነበረች። ሁለት ጠብታ ለብ ባለ ውሃ መትታ፣ ከገንዳው በቀዳችው ውሃ ላይ ጨመረችው። ቤቱ በአንዴ ክሊኒክ ክሊኒክ ሸተተ። አኩራፊውን በሳህን ውስጥ አደረገችው፤ ቀስ እያለ ዘመመና በጎኑ ተኛ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው። ጥፍር መቁረጫውን አነሣች። በአንድ እጇ ዓሣውን ይዛ በሌላው ልትቆርጥ ሞከረች፤ ጨርቁ እየተንሸራተተ አስቸገራት።

«ወዲህ አምጪው» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ነው?»

ሀዲያ ከጀርባቸው ትራስ ደገፈችላቸው። ጨርቁን በሁለት መዳፋቸው ተቀበሉት። ሠላሳ ዓመት ሰዓት እንደያዙበት፣ ሳያጠብቁ ሳያላሉ ያዙት።

«የሰዓት ፀጉር፣ ያቺን ቀጭን ጥምዝ ሽቦ፣ ስትነኪ» አሉ፣ «ትንፋሽሽን አስወጪና፣ ሌላው ሳይገባ በመሀሉ ነው። አሁን አስወጪ።»

አስወጣች። ቆረጠች። ነጭ ስባሪ አንሶላው ላይ ወደቀች። ደግማ አስወጥታ ደግማ ቆረጠች። አፉ ተከፈተ።

ወደ ገንዳው ስትመልሰው ረጅም ጊዜ እንደ ሞተ ነገር ተንሳፈፈ። መብራት የሌለበት ቀን ነበርና ወለተሰንበት ጣሳዋን ይዛ ታፈስስ ጀመር፤ ሃያ፣ ደግሞ ሃያ፣ ቁጥሩ እስኪጠፋባት። አንዱ ዓይኑ ዞረ። ቆይቶ ሌላኛው። ሀዲያ በዝናብ ወጥታ ከጎመኗ ሥር የለቀመቻቸውን ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች በኩባያ ይዛ ተመለሰች።

«ሙስጠፋ አይቶኝ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ጉበት ጠፍቶ ቀንድ አውጣ መብላት ጀመራችሁ?›» አለች እየሳቀች።

አንዷን አጥበው ጣሏት። አኩራፊው ዝም አላት። የዘጠኝ ሰዓት ብርሃን በበሩ ገብቶ ውሃው ላይ ደክሞ ተኝቷል። ዓሣው ተጠጋ፤ ዘንበል ብሎ አያት፤ ከዚያ በመስታወቱ አልፎ የሚሰማ፣ ደረቅ፣ ትንሽ ድምፅ መጣ። ቀጭ።

«ሰማሽ?» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

ወለተሰንበት አጥሚቱን ልታመጣ ተነሣች።

«እሱን ተይው። ዳቦ የለም?»

«አለ አባባ፣ ግን የትናንት ነው፣ ደርቋል። በሻይ ላርሰው።»

«አታርሽው። ቅርፊቱን ስጪኝ። እሱ ያለው አራት ጥርስ ነው፤ የኔም ቢቆጠር አራት ነው። ሁለት ዓመት ሥራ ፈተው ተቀመጡ እኮ።»

ቅርፊቱን ሰጠቻቸው። በአንድ በኩል ነክሰው ያዙት፣ ታገሉት፣ ሰበሩት። ፍርፋሪው ደረታቸው ላይ ተበተነ። ማንም አላጎረሳቸውም። ሀዲያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ጎመኔ ብቻውን ነው ብላ ወጣች።

ወለተሰንበት በርጩማዋ ላይ ተመለሰች። መብራቱ ገና ነው፤ ውሃው ይጠብቃታል። ግማሽ ጣሳ ቀድታ ክንዷን ልታነሣ ስትል የሌላ ሰው ክንድ ሆኖ ከበዳት። ጣሳውን ጭኗ ላይ አሳርፋ ራሷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። «የሰው ሰዓት ሁሉ...» ብላ ጀመረች፤ «ሳቃና» ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከአልጋው፣ ዳቦ በሞላ አፍ፣ መልሱ መጣ፤ ግን ተለውጦ ነበር፦

ቀኔ ቢመሽ እንኳ ጥርሴ ዛሬ በላ።

አልሰማችውም። እሳቸውም አልቀሰቀሷትም።