በራችን ጋ ስንጠባበቅ የዋልንበት ቀን

ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጄ በየዓመቱ ትኬት ይልክልኛል። ጥቂት ወራት እሱ ጋ ቆይቼ እመለሳለሁ። እንዲህ ስመላለስ ዓመታት ስለሄዱ፣ ከሰፈራችን ሰው አውሮፕላን የሚሳፈር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን ነበር። የምመክረውም ያው ነው። ከመተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ጠይቁ፤ በእኛ ዕድሜ ሽንት ቤት ለመሄድ የተኛ ሰው መቀስቀስ አይመችም። መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይገባም። ፍተሻ ላይ ጫማ ስለሚወልቅ ያልተቀደደ ካልሲ አድርጉ። ቅቤ በደንብ ታስሮ በልብስ መሀል ይቀመጥ። የማታውቁትን ሰው ዕቃ አትቀበሉ፤ የምታውቁትንም ከፍታችሁ እዩ።

ይህን የመጨረሻውን ሳይከፋት የተቀበለችኝ አንዲት ጎረቤቴ ብቻ ናት። የወሎ ሴት ናት። ካዛንቺስ በአንድ ግቢ፣ በአንድ የቆርቆሮ በር እየገባንና እየወጣን ልጆቻችንን አሳድገናል። ሴት ልጇ የምትኖረው ልጄ ካለበት ከተማ ነው፤ ከሄደች ጀምሮ የእናቷን ዕቃ የማደርስላት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ልትፈትሽን ነው እያሉ ሲያኮርፉ፣ እሷ ቋጠሮዋን ፊቴ ትፈታና «በይ እዪ፣ ቦምቡ ከበርበሬው ሥር ነው» ትለኝ ነበር። ከዚያ ሻንጣውን ተጋግዘን ወፍጮ ቤት እንወስድና በእህል ሚዛን እናስመዝነዋለን። አልዘጋ ሲል እሷ ትቀመጥበታለች፤ እኔ ዚፑን እስባለሁ።

ግቢያችን ከፈረሰ በኋላ እሷ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች። እኔ ላንቻ ልጄ በተከራየልኝ ቤት ነኝ። ቤቴን አታውቀውም፣ ቤቷን አላውቀውም። መጀመሪያ በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር፤ ኋላ በበዓል በበዓል ሆነ።

ዘንድሮ ጉዞዬ ሲቃረብ ደወለች። ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። የአራስ ገንፎ ዱቄት ራሷ ቆልታ አስፈጭታ፣ ቅቤውንም አንጥራ አዘጋጅታለች።

«እኔ ተገኝቼ ባልይዛት እንኳ ገንፎዬ ይድረሳት» አለች።

ከበረራዬ በፊት ባለው ቀን መሀል መንገድ ላይ እንገናኝ ተባባልን። የት እንደሆነ ስጠይቃት፣ «በራችን ጋ ነዋ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ሌላ አልተነጋገርንም።

ከበረራዬ አንድ ቀን ቀደም ብዬ በታክሲ ካዛንቺስ ሄድኩ። መንገዱ ሰፍቷል፤ ችግኝና አበባ ተተክሎበታል፤ የእግረኛው መሄጃ ንጹሕ ነው። አምሯል፤ አላማረም አልልም። እኔ ያጣሁት መታጠፊያችንን ነው። ኮረኮንቹም ወፍጮ ቤቱም የሉም። የማውቀው አንድ ፎቅ ሆቴል ብቻ ቀርቶ ስላገኘሁ፣ ከእሱ ተነስቼ ድሮ እንሄድ የነበረውን ያህል ሄድኩና እዚህ መሆን አለበት ብዬ ቆምኩ።

ስልኳን ስሞክር ዝግ ነው። አንድ ጥበቃ መጥቶ ማንን ፈልጌ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። ጎረቤቴን እየጠበቅኩ ነው አልኩት። ቤቴ የት እንደሆነ ሲጠይቀኝ የቆምኩበትን አሳየሁት። መንገዱ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ነገረኝ። የቀትር አዛን ተሰማ። ለሶላት ገብታ ይሆናል፣ ሰግዳ ትመጣለች ብዬ ቆየሁ። ፀሐዩ ሲበርድ ተነሳሁ።

ቤት እንደገባሁ ደወለች። የስልኳ ባትሪ አልቆባት ኖሯል።

«ምነው አስቀረሽኝ?» አለች። «በራችን ጋ ቆሜ ዋልኩ እኮ።»

«እኔም በራችን ጋ ነው የዋልኩት።»

 የት እንደቆምኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እሷ የቆመችው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ መኪናውና ችግኙ ጋርዶን ሳንተያይ ዋልን። በሩ ወዲያ ነበር አለች፤ ወዲህ ነበር አልኩ። ሠላሳ ዓመት የገባንበትን በር ቦታ መስማማት አቃተን።

«እንግዲያ አንቺ የዋልሽው ሽንት ቤታችን ላይ ነው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከተሳሳቅን ቆይተናል።

ከዚያ «ዱቄቱስ?» አለች።

በረራዬ በማለዳ ነው፤ ከዚያ ዳር በዚያ ሰዓት መድረስ አትችልም። በቅርቡ የሚሄድ ሌላ ሰው ካለ ብትሰጠው አልኳት።

«ማን አለና» አለች።

ሻንጣዬን ያለ ማንም እርዳታ ዘጋሁት። ለእሷ ቋጠሮ የተውኩት ቦታ ባዶ ስለሆነ ልብሱ ውስጡ ይንሸራተት ነበር። ጋቢ አጥፌ ጨመርኩበት፤ አልሞላም። ኤርፖርት ከጎኔ የነበሩት መንገደኞች ኪሎ በዝቶባቸው ሻንጣቸውን መሬት ላይ ዘርግተው የሚቀነሰውን ይማከራሉ። ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ የእኔን አየችና፣ «እማማ፣ ይሄ ብቻ ነው? ገና ብዙ ቦታ አለዎት እኮ» አለችኝ። መልካም ዜና መንገሯ ነው። አመሰገንኳት።

የመስኮት ወንበር ጠየቅኩ፤ እኔ ራሴ ጠይቁ ብዬ የማላውቀውን። አውሮፕላኑ ተነስቶ ሲዞር የቆርቆሮ ጣሪያና አዳዲስ ሰፋፊ መንገዶች ታዩኝ። የእኛን መንገድ ሳልለይ ደመና ገባን። ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት ለመሄድ የተኙ ሁለት ሰዎች ቀሰቀስኩ።

ስደርስ ልጄ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የጎረቤቴ ልጅም ሆዷ ገፍቶ ከጎኑ ቆማለች፤ እንደ ሁልጊዜው የዕቃ መያዣ ቦርሳዋን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ይዛለች። እናቷ ነገሩን ለእኔ ትታዋለች፤ አልነገረቻትም። ስማኝ ስታበቃ ዓይኗ ሻንጣዬ ላይ አረፈ።

«እናትሽ ደህና ናት» አልኳት። «የገንፎሽን ዱቄት ይዛ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቀኝ ዋለች። ተላለፍን።»

«የት ነው የጠበቀችዎት?»

«በራችን ጋ።»

ቦርሳውን ከብብቷ አውጥታ ዘረጋችው፤ ከዚያ እንደገና በቀስታ አጠፈችው።