ጭራዋን የሰቀለችው ሞተር

በየሰፈሩ ኮብልስቶን ይነጠፍ በነበረበት፣ ሥራ የፈታ ወጣት ሁሉ በማኅበር ተደራጅ በሚባልበት ዘመን፣ ሀዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ እሸጥ ነበር። ያን ጊዜ ሞተር የገዛ ጎረምሳ መጀመሪያ የሚያደርገው መንዳት መማር አልነበረም፤ የሞተሯን ኋላ ማበላሸት ነበር። ጭቃ የሚከለክለውን ፓራፋንጎ ይነቅላል፣ ታርጋውን ወንበር ሥር ይሸጉጣል፣ ከዚያ የኋላ ሞላዎቹን በብረት አስቀጥሎ ጭራዋን ወደ ሰማይ ይሰቅላል። ለምን ቢሉት፣ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈች አንዲት የእሽቅድምድም ሞተር ነበረች፤ እሷ ጭራዋ ተሰቅሏል። እሷን የሚነዳው ሰውዬ ግን መንገዱ ተጠርጎለት፣ ከኋላው ማንንም ሳይጭን ነው። የእኛው የሚያጎነብሰው ባጃጅ ለመቅደም ነው።

ብየዳውን የሚሠሩላቸው በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ልጆች ነበሩ። በርና መስኮት ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ሞተሩንም እንደ መስኮት ነበር የሚያዩት። ጠበቅ ብሎ ከተያያዘ አለቀ። ቤት ግን ፍሬን ይዞ ቁልቁለት አይወርድም።

ከሱቄ ጀርባ ተከራይቶ የሚኖር አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ወላጆቹ ሰሜን፣ እሱ እዚህ ብቻውን። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ የተቀባ፣ ሞተሯን ከራሱ የበለጠ የሚያጥብ ልጅ። አስበይዷት ሊያሳየኝ ሲመጣ ዞሬ አየኋት። አፍንጫዋ መሬት ለማሽተት ተደፍቷል፣ ኋላዋ ለመርፌ የተዘጋጀ ሕመምተኛ ይመስላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄዶ የኋላ ጎማህ ይሸሽሃል አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ የድሮ ሰው ነዎት፤ ይሄ ስታይል ነው» አለኝ።

ነጋዴ ነኝ፤ ከደንበኛ ጋር አልጣላም። ስታይል ከሆነ ይመችህ ብዬ ሸኘሁት።

ይሄው ልጅ ታቦር ዳገት ላይ የምትኖር ልጅ ወደደ። አባቷ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ጣቃ ሳያገላብጡ፣ ለብርሃን ሳያሳዩ የማይገዙ ሰው። ዘመድ አጠገቡ ስለሌለ ሽማግሌ ከሰፈር ለቃቀመ። አንዱ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጡ አዛውንት፣ አንዱ ጎረቤታችን፣ አንዱ እኔ። እኔን ለሽምግልና ያበቃኝ ሆዴ እንጂ ዕድሜዬ አይመስለኝም።

ወጉ የታወቀ ነው። ሽማግሌ በእግሩ፣ በርጋታ ይሄዳል፤ ተቀመጡ እስኪባል ቆሞ ይጠብቃል፤ ጠያቂው ልጅ ያን ቀን በዚያ በር አያልፍም። የክረምት እሑድ ጠዋት ነበር፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረበት። እኔና ጎረቤታችን በሩ ጋ ቀድመን ደረስን፤ አዛውንቱ ግን ጉልበታቸው አሟቸው ዘገዩ። ባጃጆቹ በዚያ ጭቃ ታቦርን አንወጣም አሉ። ያኔ ልጃችን የሚያኮራ ሐሳብ መጣለት። እኔ ላድርስዎት፣ ከበሩ ራቅ አድርጌ አወርድዎታለሁ አላቸው።

ከላይኛው መንገድ ቁልቁል ሲመጡ አየናቸው። አዛውንቱ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ወንበሩ ወደ ፊት ስለተደፋ ተንሸራተው ልጁ ጀርባ ላይ ተለጥፈዋል፤ ልጁም በሳቸው ክብደት ነዳጅ ጋኑ ላይ ተኝቷል። ከሩቅ ላየ ሰው አዛውንቱ ልጁን አንቀው የሚዘርፉት ይመስላሉ። ማውረድ ያለበት ቦታ ሲደርስ ፍሬን ያዘ። የኋላ ጎማው መሬቱን ለቆ ወደ ጎን ሄደ፣ የፊቱም ተከተለ፣ ሁለቱም በርጋታ፣ ማንም ሳይጮህ፣ ወደ እኛ ተንሸራተው መጡ። ስንት ቀን ተለማምደን ልናንኳኳው የነበረውን የቆርቆሮ በር ልጁ በፊት ጎማው አንኳኳው።

አባትየው ራሳቸው ከፈቱ።

ማንም አልተጎዳም። አዛውንቱ ተነሡ፤ ፓራፋንጎ የሌለው ጎማ ከወገባቸው እስከ ማጅራታቸው አንድ ወፍራም የጭቃ መስመር አስምሮባቸዋል። ቢሆንም የተዘጋጁበትን ንግግር አልተዉትም። ለመልካም ጉዳይ እንደመጣን፣ ልጃችን ረጋ ያለ፣ አስተዋይ መሆኑን መናገር ጀመሩ። አስተዋዩ ልጅ ከጎናቸው ሞተር ለማንሣት ይታገላል።

አባትየው ንግግሩን አልሰሙም። ሽቅብ የተሰቀለውን ወንበር ያዩ ነበር።

«ልጄን የት ላይ ነው የሚያስቀምጣት?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ክርክር ሲጽፉ የኖሩት አዛውንት የጋቢያቸውን ጭቃ ማራገፍ ጀመሩ።

«መጀመሪያ ይቺ ነገር ሰው የምትጭን ትሁን። ከዚያ ተመለሱ» ብለው አባትየው በሩን ዘጉ።

ስንመለስ ልጁን ጠየቅኩት፣ ልጅቷንስ ጭነሃት ታውቃለህ ወይ ብዬ። አንድም ቀን እሺ ብላው አታውቅም። ፍቅር ሐይቅ በሚሉት የሐይቅ ዳር መዝናኛ ተቀጣጥረው ሲለያዩ እሷ በባጃጅ፣ እሱ ባዶ ወንበሩን ይዞ ነው የሚመለሱት። ለምን ብለህ አልጠየቅህም ስለው፣ ሰው እንዳያየን አፍራ ነው የመሰለኝ አለ። አፍራ መሆኗስ ልክ ነው፤ ያፈረችው በምን እንደሆነ ነው ያልገባው።

በማግሥቱ ሱቄ መጥቶ ተደገፈ። ጓደኞቹ ካወረድካት ታስረጃታለህ ብለውታል። ትንሽ ዝቅ ብትል አይበቃም ወይ፣ ግማሹን ብቻ ቆርጠን ብንተወው አለኝ።

«ግማሽ ልጅ ነው የሚሰጡህ?» አልኩት።

ሳምንት ሙሉ አኮረፈ፤ ከኔም፣ ከጓደኞቹም፣ ከሞተሯም ጋር። በመጨረሻ በያጆቹ የቀጠሉትን ቆርጠው አወጡት፤ የሞላዎቹ ጫፍ ስለተበላሸ ሌላ ሞላ፣ የጣለውን ለመተካትም ሌላ ፓራፋንጎ ከኔ ወሰደ። ሥራው ሲያልቅ ሞተሯ ከፋብሪካ የወጣችውን መሰለች፤ ያን ሁሉ የደከመው ቀድሞ ወደነበረችበት ለመመለስ ነው።

ሁለተኛ ስንሄድ ሦስታችንም በእግራችን ነበርን፤ አዛውንቱ ምርኩዝ ይዘው። አባትየው በሩ ላይ አቁመውን ሞተሯስ አሉ። ተስተካክላለች አልን። አምጧት አሉ። ከጥጉ ተደብቆ የነበረውን ልጅ ጠራነው፤ ወጉን በዚያ በር አንዴ አፍርሶት ስለነበር አዲስ ነውር አልሆነም።

አባትየው ዞረው አዩአት። እንደ ጣቃ ጨርቅ ወንበሯን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ ማናችንም ያልጠበቅነውን አደረጉ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከኋላ ተቀመጡና «ንዳ» አሉት።

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ታጥፈው ጠፉ። አዛውንቱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልጠየቅኩም። ጎረቤታችን፣ ቢወድቁ ለቅሶውንም እኛ ነን የምንደርሰው አለ። ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ዳገቱን ይዞ መጣ። አባትየው ወረዱ፣ የጋቢያቸውን ጀርባ ወደ ፊት ጎትተው አገላብጠው አዩ። ጠብታ ጭቃ አልነበረበትም።

«ግቡ፤ ተቀመጡ» አሉን።

አዛውንቱ ቀድመው ገቡ። እኔ ስከተል ልጁ እጅጌዬን ያዘኝ። እሺ ማለታቸው ነው ወይ አለኝ በሹክሹክታ። ሳያገላብጡ አይገዙም፣ ካገላበጡ በኋላ ደግሞ አይመልሱም፤ አዎ ነው አልኩት። ተነፈሰ። ዞር ብሎ ሞተሯን ከኋላ አያት፣ ፊቱም ጠቆረ።

«ግን ጋሼ፣ እንዲህ ሆና ከኋላ ስትታይ አህያ ነው የምትመስለው።»

ሰውዬው ሚስት እየተሰጠው ለብረት ያለቅሳል። በሩን ዘግቼበት ገባሁ።